ሾን ሊ ይቆይ ወይስ ይሸኝ? የ33 ዓመቱ ላይንባከር ጉዳይ

ጋርላንድ_ማዶ · ፌብሩዋሪ 9፣ 2020

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜው ሱፐር ቦውል ካለፈ ሳምንቱ ነው። እኛ የዳላስ ካውቦይስ ሰዎች ሱፐር ቦውልን ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ የወጥ ሽታ ማሽተት ከጀመርን 24 ዓመታችን፣ ስለዚህ ወደ ራሳችን ጣጣ እንመለስ።

የመከላከያ ተጫዋቻችን የሾን ሊ ኮንትራት አልቋል። ማርች ላይ ገበያው ሲከፈት ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። ጁላይ ላይ 34 ይሞላዋል። እዚህ ዳላስ ያሉ ወዳጆቼ ግማሾቹ "በቃ፣ አመስግነን እንሸኘው" ይላሉ። እኔ ግን ይቆይ ባይ ነኝ፤ በተጠባባቂነት፣ ለአንድ ዓመት፣ በአነስተኛ ገንዘብ።

ምክንያቴ አንገት ነው። የሊ አይደለም፣ የሌላው ላይንባከራችን የሌይተን ቫንደር ኤሽ አንገት። ልጁ በ2018 አዲስ ተጫዋቾች በሚመረጡበት ድራፍት በመጀመሪያው ዙር በ19ኛ ተመርጦ መጣ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 140 ታክል አድርጎ፣ ኳስ የያዘ ሰው ጥሎ ማለት ነው፣ ሁላችንንም አስጨበጨበን። አምና ግን 9 ጨዋታ ብቻ ተጫወተና አንገቱ አቆመው። ባለፈው ወር ኦፕራሲዮን ሆኗል። እሱ በሌለበት ማን ገባ? ሊ። 16ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ፤ ከነዚህ 13ቱን ከመጀመሪያው። 86 ታክል።

አሁን ንገሩኝ፤ ያ አንገት ነገ መልሶ ቢያመው ማንን ልታስገቡ ነው?

---

አራተኛ_ሙከራ · ፌብሩዋሪ 9፣ 2020

ወንድሜ ጋርላንድ፣ አከብርሃለሁ፤ ግን የአንድ ዓመት ቁጥር መርጠህ አቀረብክልን። ሙሉውን ልቁጠርልህ።

2010፦ 14 ጨዋታ። 2011፦ 15። 2012፦ 6። 2013፦ 11። 2014፦ ዜሮ፤ ገና በሜይ ልምምድ ላይ ጉልበቱ ተበጠሰ። 2015፦ 14። 2016፦ 15። 2017፦ 11። 2018፦ 7። 2019፦ 16።

በአስር ዓመት 160 ጨዋታ ነበረ። የተጫወተው 109። 51 ጨዋታ በሲቪል ልብስ ጠርዝ ላይ ቆሞ አይቷል። አንተ ደግሞ ይህን ሰው የሌላ ሰው ጉዳት ዋስትና ይሁን ትለናለህ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

---

ጋርላንድ_ማዶ · ፌብሩዋሪ 9፣ 2020

ተረቱ ጥሩ ነው፤ አስቆኛል። ግን አምና ከጅብ ያስጣለን ማን ነው?

---

ቦሌ_ሌሊት · ፌብሩዋሪ 10፣ 2020

ከአዲስ አበባ ነኝ። የናንተን ጨዋታ እሑድ ማታ 3 ሰዓት ላይ አያለሁ፤ የማታው ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ሰኞ ሥራ ላይ አንቀላፋለሁ። ሁለት ዓመት ተከታትዬ አሁንም ያልገባኝ ነገር አለ፤ ብትስቁም ልጠይቅ። ተጠባባቂ ላይንባከር ምን ይሠራል? በኛ እግር ኳስ ተቀያሪ ማለት 70ኛው ደቂቃ ላይ የሚገባ ነው። እዚህ ግን ሰው እንደፈለገ ይወጣል ይገባል። "ተጠባባቂ" የምትሉት ታዲያ ማንን ነው?

---

ጋሽ_ቲኬት · ፌብሩዋሪ 10፣ 2020

ልጄ፣ የሚሳቅበት አይደለም፤ እዚህ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰውም አይገባውም። እኔ ከ1991 ጀምሮ ዳላስ ነኝ፤ የድሮውን ኳስ ወርዋሪያችንን የአይክማንን ዘመን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝና ላስረዳህ።

ላይንባከር ማለት ከፊት ከሚጋፉት ግዙፎች ኋላ የሚቆመው ነው። ሩጫ ከመጣ ወደፊት ሄዶ ያስቀራል፤ ፓስ ከሆነ ወደኋላ ሸሽቶ ይሸፍናል። በእግር ኳስ ብታስበው ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመው አማካይ ነው፤ ልዩነቱ 120 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየደቂቃው እየተንደረደረ ይመጣበታል። በወረቀት ላይ ሦስት ናቸው፦ መሐል ያለው ማይክ፣ ደካማው ጎን ያለው ዊል፣ ጠንካራው ጎን ያለው ሳም። ነገር ግን ዛሬ ሁሉም ፓስ ስለሚወረውር ቡድኖች ሦስተኛውን ላይንባከር አውጥተው በምትኩ ኮርነር የሚባል አንድ ተጨማሪ የፓስ ተከላካይ ያስገባሉ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ ሁለት ላይንባከር ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው በስም ተሰላፊ፣ በተግባር ግማሽ ተጠባባቂ ነው። አምና ሊ የጀመረው በዚህ ቦታ ነበር።

ሌላው ነገር፣ ቡድኑ 53 ሰው ይይዛል፤ በ2019 ሲዝን ግን በጨዋታ ቀን የሚለብሰው 46 ብቻ ነበር። ስለዚህ ተጠባባቂ ሆኖ ማሊያ የሚለብስ ሰው ኳሱ በእግር ሲመታ፣ በኪክና በፓንት ጊዜ፣ ሮጦ የሚታክል መሆን አለበት። ስፔሻል ቲምስ የሚባለው እሱ ነው። የተጠባባቂ ላይንባከር እንጀራው እዚያ ነው።

---

አራተኛ_ሙከራ · ፌብሩዋሪ 10፣ 2020

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ የኔን ክርክር እርስዎ ጨረሱልኝ። ሊ በ34 ዓመቱ፣ በዚያ ታፋ፣ ኪክ ሲመታ 50 ያርድ ሮጦ ሊጋጭ ነው? አይሮጥም። ማንም አሰልጣኝ አያስሮጠውም። እንግዲህ ከ46ቱ ማሊያ አንዱን ወስዶ ማንም እስኪጎዳ ቁጭ የሚል ሰው ነው። ሌላው ላይንባከር ጆ ቶማስ ግን ሁለቱንም ይሠራል። ሉክ ጊፈርድ የሚባለው ልጅም አለ፤ ድራፍት ሳይደረግ ከኔብራስካ የመጣው። ለሊ የምትሰጡት እያንዳንዱ ስናፕ፣ እያንዳንዱ የጨዋታ ዙር ማለቴ ነው፣ ከልጁ የተቀማ ነው።

---

መድፈኛው · ፌብሩዋሪ 10፣ 2020

እኔ የናንተን ኳስ ብዙም አላውቅም፤ ቦሌ_ሌሊት ጎትቶኝ ነው የመጣሁት። ግን "ሽማግሌ ተጠባባቂ ምን ያደርጋል" ስትሉ አላስችለኝ አለ።

ሜይ 27፣ 2017። የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ዌምብሌይ። አርሰናል ከቼልሲ። ኮሺየልኒ በቀይ ካርድ ታግዷል፣ ገብርኤል ተጎድቷል። ማን ገባ? ፐር ሜርተሳከር። 32 ዓመቱ፣ በዚያ ሲዝን አንድም ጨዋታ ከመጀመሪያው ያልተሰለፈ። ዲዬጎ ኮስታን ሲይዘው ያየ ሰው መቼም አይረሳም። 2 ለ 1 አሸነፍን። ፒያሳ በየቤቱ ሰው ሲጮህ ሰማይ የተቀደደ ነው የሚመስለው።

ሙሉ ዓመት ተቀምጦ ከሆነ ምን አለበት? ለአንድ ቀን ነው የሚፈለገው።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ፌብሩዋሪ 10፣ 2020

መድፈኛው እንኳን ደህና መጣህ፤ እዚህም ቤት፣ አርሰናል ሊጉን በወሰደበት በ2004 እንደምትኖሩት፣ በድሮ ዘመን የሚኖሩ ሰዎች አይጠፉም።

እኔ የዋሽንግተን ሬድስኪንስ ደጋፊ ስለሆንኩ ካውቦይስ ሊን ቢያስቀርም ባያስቀርም እንቅልፍ አላጣም። ግን ስለ ሽማግሌ ላይንባከር ከሆነ እኛ ለንደን ፍሌቸር የሚባል ሰው ነበረን። ድራፍት ሳይደረግ መጥቶ 16 ዓመት ተጫወተ፤ 256 ጨዋታ፣ አንድም አልቀረም። አንድም! በ38 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ስለዚህ ነገሩ ዕድሜ አይደለም፤ አንዳንዱ ሰው ከብረት ነው የተሠራው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከብርሌ። ሊ ብርሌ ነው። የሚያምር ብርሌ፣ ግን ብርሌ።

---

ፊዚዮ_ሰብለ · ፌብሩዋሪ 10፣ 2020

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ ስለ ብርሌው ትንሽ ልበል።

የታፋ ኋላ ጡንቻ አንዴ ከተቀደደ የሚድነው በጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ እንደ ጡንቻ አይሳብም። ለሚቀጥለው ጉዳት ትልቁ ምልክት ያለፈው ጉዳት ነው የምንለው ለዚህ ነው። ሰውየው በ2017ም በ2018ም ያቆመው ይኸው ታፋ ነው። እስከዚህ ከአራተኛ_ሙከራ ጋር ነኝ።

ነገር ግን ወንድሜ ያቀረብከውን ዝርዝር እንደገና ተመልከተው። በአስር ዓመት ውስጥ 16ቱንም ጨዋታ የተጫወተው አንዴ ብቻ ነው፤ አምና። አምና ደግሞ ዓመቱን የጀመረው በተጠባባቂነት ነው። ሁለት ወር ተኩል ያህል ጥቂት ጥቂት ስናፕ እየተጫወተ፣ ሰውነቱ ሳይደክም ቆይቶ፣ ከዚያ ወደ ሙሉ ሥራ ገባ። አንድ ዓመት ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ጭነት መቀነስ ለእንዲህ ያለ ጡንቻ የሚሰጥ ትእዛዝ መሆኑን በየቀኑ ለታካሚዎቼ የምናገረው ነው።

የቫንደር ኤሽ ነገር ከዚህ ይከብዳል። እሱ የአከርካሪ ሰረሰሩ ቦይ ከተፈጥሮው ጠባብ ነው፤ ከድራፍቱ በፊትም የታወቀ ነበር። ታፋ ቢቀደድ ስድስት ሳምንት ትተኛለህ። አንገት ግን እንዲህ በሳምንት የሚቆጠር አይደለም። እኔ አሰልጣኝ ብሆን ከዚያ ልጅ ኋላ አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው አዘጋጃለሁ።

---

ጋርላንድ_ማዶ · ፌብሩዋሪ 10፣ 2020

እህት ሰብለ እጅሽን ይባርከው። ልክ ልናገር የፈለግኩትን ነው የተናገርሽው። ሊ ብርሌ ከሆነ በየቀኑ አይጠጣበትም፤ ለእንግዳ ይቀመጣል።

---

አራተኛ_ሙከራ · ፌብሩዋሪ 11፣ 2020

ለእንግዳ የተቀመጠ ብርሌ ኪራይ አይከፈልበትም። ሊ ግን ይከፈልበታል።

ስለ ገንዘቡ ማንም ስላላነሳ ላንሳው። ከሌሎቹ ተጫዋቾቻችን ኳስ ወርዋሪው ዳክ ኮንትራት ይፈልጋል። አማሪ ኩፐር ይፈልጋል። ባይረን ጆንስ ሊሄድ ነው። ላይንባከሩ ጄይለን ስሚዝ ባለፈው ኦገስት 64 ሚሊዮን ዶላር ፈርሟል። ሳላሪ ካፕ የሚባለው የደመወዝ ጣራ ለሁሉም አንድ ነው። አምና ሊ 7 ሚሊዮን የነበረውን ደመወዙን ወደ ግማሽ አውርዶ ነው የቆየው፤ ለዚህ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ለተቀማጭ ሰው 3 ሚሊዮንም 3 ሚሊዮን ነው። በዚያ ገንዘብ ከአራተኛ ዙር የሚመጡ ሦስት ጎረምሶች ትይዛለህ፤ ሦስቱም ይሮጣሉ።

---

ጋሽ_ቲኬት · ፌብሩዋሪ 11፣ 2020

ሦስቱም ይሮጣሉ፤ ግን ወዴት?

ኖቬምበር 2017ን አስታውስ ልጄ። አትላንታ ላይ ሊ ታፋውን ይዞ ወጣ። ያን ቀን 27 ለ 7 ተሸነፍን። ቀጥሎ ኢግልስ መጡ፤ 37 ለ 9። ቀጥሎ በታንክስጊቪንግ ቻርጀርስ፤ 28 ለ 6። ያን ሐሙስ ከልጆቼ ጋር ስታዲየም ነበርኩ። መከላከያው በሙሉ እረኛው የጠፋበት መንጋ ሆኖ ነበር። ጎረምሶቹ አልሮጡም አልልህም። ይሮጣሉ፤ ኳሱ ወዳልሄደበት።

ሊ የሚለየው በእግሩ አይደለም። የመከላከያው የአንድ ሰው ቆብ ውስጥ ሬዲዮ አለ፤ ከኋላው አረንጓዴ ነጥብ ያለበት። አሰልጣኙ ጨዋታውን ይነግረዋል፤ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ግን ሬዲዮው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ኳርተርባኩ፣ የተጋጣሚው ኳስ ወርዋሪ፣ ሰው አዘዋውሮ ሁሉን ነገር ይቀይራል፤ የሚመልስለት የለም፣ ያ ሰውዬ ካልመለሰ በቀር። ያ 15 ሰከንድ ነው የሊ ሀብቱ። ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ፣ ዲሴምበር 2010፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የኳርተርባኩን የፔይተን ማኒንግን ፓስ ሁለት ጊዜ ጠለፈ። አንዱን ታችዳውን፣ እንደ ጎል ማለት ነው፣ አደረገው፤ ሁለተኛው በጭማሪ ሰዓት ነበር፣ በሱ ምክንያት 38 ለ 35 አሸነፍን። ማኒንግን! በዓለም ላይ ሰው በማታለል የሚበልጠው ያልነበረውን ሰው። በዲሴምበርስ ራምስን 44 ለ 21 ስናሸንፍ ጎፍን የጠለፈው ማን ነው? ያው ሰውዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ።

---

አራተኛ_ሙከራ · ፌብሩዋሪ 11፣ 2020

ጋሼ፣ ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ታዲያ ጭንቅላቱ ከሆነ የሚፈለገው አሰልጣኝ ይሁና! ክፍል ውስጥ ቫንደር ኤሽንና ጄይለንን ያስተምር። ጭንቅላት ማሊያ አያስፈልገውም።

---

ጋሽ_ቲኬት · ፌብሩዋሪ 11፣ 2020

እሱንማ ጥሩ ብለሃል። አልመልስልህም። ላስብበት።

---

ቦሌ_ሌሊት · ፌብሩዋሪ 11፣ 2020

እኔ የማየው ከሩቅ ነው፤ ግን አሰልጣኝ ሲለወጥ ነገሩ አይቀየርም? ጋሬት ሄደ፣ ማካርቲ መጣ፣ የመከላከያው ኃላፊም አዲስ ነው፣ ማይክ ኖላን። አዲስ ሰው የድሮ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያወጣው አሮጌውን ሶፋ ነው። ደግሞ ማካርቲ ለግሪን ቤይ ዋንጫ የወሰደው በናንተው ሜዳ፣ አርሊንግተን ላይ ነው አይደል? ቤቱን ያውቀዋል ማለት ነው።

---

ጋርላንድ_ማዶ · ፌብሩዋሪ 11፣ 2020

ፌብሩዋሪ 2011፣ ልክ ነህ፤ አታስታውሰን።

የአሰልጣኙ መቀየር እኔን ወደ ሌላ ነው የሚወስደኝ። ኖላን አዲስ ሥርዓት ያመጣል፤ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ጥሪ። በዚያ ጊዜ ሦስት ሥርዓት ያየ ሰው ቢኖር ከጎረምሳ ቀድሞ ይገባዋል። አሮጌ ሶፋ የተባለው ለአዲሱ ተከራይ የቧንቧው መዝጊያ የት እንዳለ የሚነግረው ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ካንሳስ ሲቲ ዋንጫ ሲያነሳ ቴሬል ሰግስ እዚያ ነበር። 37 ዓመቱ። አሪዞና ዲሴምበር ላይ የለቀቀችው ሰውዬ። ቺፍስ "ሽማግሌ ምን ያደርግልናል" ቢሉ ኖሮ አያነሱትም ነበር።

---

አራተኛ_ሙከራ · ፌብሩዋሪ 11፣ 2020

ሰግስ ባይኖርም ኳርተርባካቸው ማሆምስ ነበር፤ እሱ ነው ያሸነፈው። ኑ እንወራረድ። ሊ ቢፈርም እንኳ በሚመጣው ሲዝን 10 ጨዋታ አይሞላም። ከ10 በታች ከሆነ ክትፎ ትጋብዘኛለህ። 10 ከሞላ እኔ እጋብዝሃለሁ። ዳላስ በመጣሁ ጊዜ።

---

ጋርላንድ_ማዶ · ፌብሩዋሪ 11፣ 2020

ተቀብያለሁ። ከነአይቡና ከነጎመኑ።

---

ፊዚዮ_ሰብለ · ፌብሩዋሪ 11፣ 2020

በነነዌ ጾም ስለ ክትፎ ትወራረዳላችሁ? እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ።

---

ጋሽ_ቲኬት · ፌብሩዋሪ 13፣ 2020

ሁለት ቀን አሰብኩበት። "ጭንቅላት ማሊያ አያስፈልገውም" ላልከው መልሴ ይኸውልህ።

ከድሮ ጀምሮ ሥራዬ የከባድ መኪና ነው። አንድ የሠራሁበት ድርጅት ሽማግሌውን መካኒክ አስቀምጦ ልጆቹን "አስተምር" ብሎት ነበር፤ መፍቻ እንዳይነካ። ስድስት ወር አልቆየም፣ ልጆቹ መስማት ተዉ። እጁ ቅባት የሌለበትን ሰው ማን ይሰማዋል? ጎረምሳ የሚሰማው አብሮት የሚላበውን ነው። ሊ ቆብ አድርጎ እዚያው ልምምድ ላይ ሲጋጭ "ወንድሜ፣ ታይት ኤንዱ እግሩን እንዲህ ከቆመ ሩጫ ነው" ቢለው ይሰማዋል። ፖሎ ሸሚዝ ለብሶ ቢለው ግን "እሺ ኮች" ብሎ ይረሳዋል።

ይቆይ ባይ ነኝ። ግን እንደ ጋርላንድ ለአንገቱ ዋስትና ብዬ አይደለም። ዋስትና ካስፈለገ ሰብለ እንዳለችው ሌላ ሰው ይጨመር።

---

ጋርላንድ_ማዶ · ማርች 19፣ 2020

ፈርሟል! አንድ ዓመት። ዓለሙ ሁሉ በኮሮና በሩን ሲዘጋ ሊ በሩን ከፍቶ ገባ።

አራተኛ_ሙከራ፣ ሆድህን አዘጋጅ።

---

አራተኛ_ሙከራ · ማርች 19፣ 2020

እስቲ መጀመሪያ ጨዋታ ይኑር።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ሴፕቴምበር 14፣ 2020

ይህን ክር ከመቃብር ላወጣው ነው፤ ይቅርታ።

ትናንት ራምስ ላይ ቫንደር ኤሽ የአንገት አጥንቱ... አይ፣ አንገቱ አይደለም፣ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት፣ ተሰበረ። በመጀመሪያው ጨዋታ! ሊ ደግሞ የት ነው? ጉዳተኛ ዝርዝር ላይ። ብሽሽት። ዋስትናው ከመኪናው ቀድሞ ተጋጨ።

---

ጋርላንድ_ማዶ · ሴፕቴምበር 14፣ 2020

ዛሬ አታናግሩኝ።

---

አራተኛ_ሙከራ · ኦክቶበር 4፣ 2020

ክሊቭላንድ 49፣ ዳላስ 38። በሩጫ 307 ያርድ ሄዱብን። ሦስት መቶ ሰባት። በእግር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትሉኝ፤ እኔ ጅቡ ሳይመጣ ነው የጮኽኩት።

---

ጋሽ_ቲኬት · ኦክቶበር 5፣ 2020

ጮኸሃል፤ አልክድህም። ግን "ጎረምሶቹ ይሮጣሉ" ያልከውም አንተ ነህ። ትናንት ሮጡ አይደል? ወዴት እንደሮጡ አየህ?

---

ፊዚዮ_ሰብለ · ኦክቶበር 5፣ 2020

የሊ የብሽሽት ጉዳት፣ ስፖርትስ ሄርኒያ የሚባለው፣ ከታፋው ፈጽሞ የራቀ ነገር አይደለም። ታፋና ብሽሽት አንድ ዳሌ ላይ ነው የተሰቀሉት፤ አንዱ ለዓመታት ሲያነክስ ሌላው ይሸከማል። ተመልሶ ይጫወታል፤ ኦፕራሲዮኑ የተለመደ ነው። የኔ ጥያቄ ከሱ ኋላ ሁለተኛ ሰው ለምን አልተዘጋጀም ነው። ሁለት ሰው ብዬ ነበር እኮ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ኖቬምበር 26፣ 2020

ዋሽንግተን 41፣ ዳላስ 16። በናንተ ሜዳ፣ በናንተ በዓል። አንቶኒዮ ጊብሰን ሦስት ታችዳውን። ሊም ሜዳ ላይ ነበር፤ አልነበረም እንዳትሉ።

እኛ እኮ ዘንድሮ ስም እንኳ የለንም፣ "ፉትቦል ቲም" ነው የምንባለው። ስም በሌለው ቡድን ተደበደባችሁ። ተርኪውን በሰላም ብሉት።

---

ቦሌ_ሌሊት · ጃንዋሪ 5፣ 2021

ሲዝኑ አለቀ። 6 አሸንፈን 10 ተሸነፍን። 473 ነጥብ ገባብን፤ በቡድኑ ታሪክ እንዲህ ገብቶበት አያውቅም። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ያየሁት ለዚህ ነበር?

የውርርዱ ነገር ግን ማንም አላነሳም።

---

አራተኛ_ሙከራ · ጃንዋሪ 5፣ 2021

በትሕትና ዝም ብዬ ነው። ሊ ኖቬምበር 1 ተመለሰ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አንድም አልቀረም። ቁጠሩት።

---

መድፈኛው · ጃንዋሪ 5፣ 2021

ቆጠርኩ። 9።

---

ጋርላንድ_ማዶ · ጃንዋሪ 5፣ 2021

ዘጠኝ!! አንድ ጨዋታ! አንድ!

እሺ። ተበላሁ። ግን አንድ ነገር ልበል፤ ውርርዱን የተበላሁት እኔ ነኝ፣ ክርክሩን የተበላሁት አይመስለኝም። ሊ በሌለባቸው ሰባት ጨዋታዎችና በነበረባቸው ዘጠኙ መካከል ያለውን ልዩነት ያያችሁ ታውቃላችሁ። ኦክቶበር ላይ ሰው ቆሞ ሰው ያይ ነበር። ዲሴምበር ላይ ቢያንስ ሰው የት መቆም እንዳለበት ያውቅ ነበር። ለተጠባባቂ ይህ ትንሽ ነው?

---

አራተኛ_ሙከራ · ጃንዋሪ 6፣ 2021

ዲሴምበር 8 ሬቨንስ በሩጫ 294 ያርድ ሄደውብናል፤ ሊ እያለ። እንዳይረሳ ብዬ ነው።

---

ጋርላንድ_ማዶ · ጃንዋሪ 6፣ 2021

የሬቨንሱን ላማር ጃክሰንን እንኳን ሊ፣ የትራፊክ ፖሊስም አያቆመውም።

---

ጋሽ_ቲኬት · ኤፕሪል 26፣ 2021

ልጆች፣ ሊ ዛሬ በቃኝ አለ። 11 ዓመት፣ 118 ጨዋታ፣ 14 ጠለፋ፣ ሁሉም በአንድ ማሊያ። በ2016 የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ ነበረ፤ ያንን ማንም አይወስድበትም።

አራተኛ_ሙከራ፣ አሁን ፖሎ ሸሚዙን ይልበስ ብትል አልከራከርህም።

---

አራተኛ_ሙከራ · ኤፕሪል 26፣ 2021

ጋሼ፣ ዛሬ አልከራከርም። እኔ ሰውየውን ጠልቼው አያውቅም፤ የጠላሁት በሱ መታመናችንን ነው። ሁለት ጊዜ ጉልበቱ ተበጥሶ፣ አንዱ ገና ፔን ስቴት እያለ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ 118 ጨዋታ መጫወት... አላውቅም። እኔ ቁርጭምጭሚቴን ወልምቼ አንድ ወር ከሥራ ቀርቻለሁ።

---

ፊዚዮ_ሰብለ · ኤፕሪል 26፣ 2021

ወልምቼ ነው ያልከው? እንግዲያው ሳታገግም ነው የተመለስከው። ለብቻ ጻፍልኝ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ኤፕሪል 30፣ 2021

ትናንት ማታ በድራፍቱ ከአስረኛ ወደ 12ኛ ወርዳችሁ ማይካ ፓርሰንስን ወሰዳችሁ። ላይንባከር። ከፔን ስቴት። ሊ በወጣ በሦስተኛው ቀን። ብርሌው ሲነሳ ከዚያው ምድጃ ሌላ መጣ። ይህኛው የምን እንደሆነ እናያለን፤ እኛ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለምንገጥመው ብርሌ ቢሆን ደስ ይለኛል።

---

ጋርላንድ_ማዶ · ኤፕሪል 30፣ 2021

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከስግደት መጥቼ ነው ያየሁት። ደክሞኝ ሶፋ ላይ ተዘርግቼ፣ ስሙ ሲጠራ ብድግ ብዬ ጮኽኩ፤ ባለቤቴ "በሕማማት?" አለችኝ።

እና አሁን ቫንደር ኤሽ አለ፣ ጄይለን አለ፣ ፓርሰንስ መጣ። ጥያቄው ተገላበጠ ማለት ነው፤ ከሦስቱ ማን ነው ተጠባባቂው?

---

አራተኛ_ሙከራ · ኤፕሪል 30፣ 2021

ለዚያ አዲስ ክር ክፈት። መጀመሪያ ግን ዕዳህን ክፈል፤ እሑድ ፋሲካ ነው፣ እኔም ቅዳሜ ዳላስ እገባለሁ።

---

ጋርላንድ_ማዶ · ኤፕሪል 30፣ 2021

ና። ጥሬ ነው ለብለብ?

---

አራተኛ_ሙከራ · ኤፕሪል 30፣ 2021

55 ቀን ጾሜ ለብለብ?

---

ጋሽ_ቲኬት · ኤፕሪል 30፣ 2021

እኔም እመጣለሁ። አልተወራረድኩም፤ ግን እመጣለሁ።